ወፍ ስትታቀፍ ጠብ ያድራል

ዓርብ፣ ኤፕሪል 12

ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፤ ለስለስ ያለ። ቀኑን ሙሉ የባሕር ሣር ስገለብጥ ዋልኩ። ከላይ ደርቋል፣ ከሥር ገና እርጥብ ነው። ወፎቹ፣ ለላባቸው የምንጠብቃቸው የባሕር ዳክዬዎች፣ ሳይመጡ በየቤታቸው መጎዝጎዝ አለበት። በእኔ በኩል ያሉትን አሥራ ስምንቱን ጠርጌ ጨርሻለሁ። በኤድቪን በኩል፣ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ሠላሳ ሁለት ይቀራሉ። የወፍ ቤት ነው የምለው... የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ ባሕር የተፋው ሳንቃ። ጭስ የሚወጣበት የሰው ቤትማ ደሴቷ ላይ ሁለት ብቻ ቀርቷል፤ የእኔና የኤድቪን።

ዳሌዬ ጠዋት ጠዋት ይነክሰኛል። በሰባ ሁለት ዓመት ምን ይጠበቃል?

ለኤድቪን የዓሣ ሾርባ በድስት ደጃፉ ላይ አስቀምጬለት መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ድስቱ ታጥቦ አጥሬ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። አርንፊን ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነን። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት። ወንድሙ ኤድቪን ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ይኖራል። መካከላችን የሚመላለሰው ድስት ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

የፖስታ ጀልባ ቀን። ባለ ጀልባው ቶርሌፍ ዱቄትና ደብዳቤ አወረደልኝ። ደብዳቤው ከሆስፒታል ነው፤ ለዳሌዬ ቀዶ ሕክምና ተራ ደርሶኛል፣ ጁላይ 10። ቶርሌፍ ገመዱን እየፈታ፣ «ኤድቪን እንግዲህ ቁርጡን አደረገ» አለኝ።

«የምኑን ቁርጥ?»

«የሰሜኑን ዳርቻ ነዋ። ፍሬድሪክሰን ለሚሉት ለከተማው ሰው ሊሸጥ ነው። እርስዎ መቼም ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። የት ሰምቼ!

ስምንት የበጋ ቤት ሊሠራበት ነው አለ። ስምንት ቤት ማለት ስምንት ውሻ። ስምንት ሞተር ጀልባ። ሙዚቃው፣ ጫጫታው... የወፎቹ ቤት ብዙው እዚያ ነው። የጀልባ ማረፊያውም እዚያ ነው። ለእኔ ምን ይቀረኛል? መስኮቴ?

ደሜ ፈላ። ምርኩዜን ይዤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ኤድቪን ጀርባውን ሰጥቶኝ ዳርቻው ላይ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ... ዞር አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በሌላው እጁ ወደ ባሕሩ አመለከተ።

ከቋጥኙ ባሻገር፣ ውሃው ላይ። ሰማንያ ዘጠና ይሆናሉ። ወንዶቹ ነጭና ጥቁር፣ ሴቶቹ ቡናማ። አንገታቸውን አስግገው ያዩናል።

«መጡ» አለ በሹክሹክታ። «እስከ ጁላይ ነው እንግዲህ፣ ጉንቮር።»

ሆን ብሎ ነው! ወሬው ወፎቹ በሚገቡበት ዕለት እንዲደርሰኝ ሆን ብሎ ነው። አፌን ዘግቼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17

አማቴ «ወፍ ስትታቀፍ ጠብ ያድራል» ትል ነበር። የባሕር ዳክዬዎቹ ብቅ ካሉበት ቀን አንሥቶ የመጨረሻዋ ጫጩቶቿን ወደ ውሃ እስክታወርድ መዶሻ አይነሣም። ልብስ አይሰጣም፣ ባንዲራ አይሰቀልም፣ ውሻ አይገባም። ድምፅ ከፍ አይልም። ደሴቷ ላይ አሥራ አንድ ቤት ሰው በነበረ ጊዜ የተጣላ ሁሉ ጠቡን ይዞ ይቆይ ነበር። ጁላይ ላይ ወፎቹ ሲሄዱ ሰው ሁሉ ሰሜኑ ዳርቻ ወጥቶ ይጯጯሃል። አንድ ቀን ሙሉ! ግማሹ በምን እንደተጣላ ረስቶታል። የአርንፊን አያት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ በግ ተጣልቶ ከሁለት ወር በላይ ዝም አለ። ጁላይ ሲደርስ በጉ ሞቶ ነበር። እንደ ወጉ ጮኹ፣ ከዚያ አብረው ቀበሩት።

የጦርነቱንም ታወራ ነበር አማቴ። ወታደሮች መጥተው ከማረፊያው ላይ ዒላማ ተለማመዱ። አንድ ጠዋት ብቻ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ወፍ አልመጣም። በዘጠኙ ዓመት ነው አራት ቤተሰብ ነቅሎ ወደ የብስ የሄደው። ትምህርት ቤቱም ያኔ ተዘጋ።

አንድ ጠዋት ዘጠኝ ዓመት ከሆነ፣ ስምንት ውሻ ስንት ዓመት ነው?

እሺ። ለጁላይ የምለውን ሁሉ እዚህ አጠራቅማለሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 24

ለጁላይ፦ «ወንድምህ በመቃብሩ ይገላበጣል።» አይ... ይሄ ይበዛል።

ለጁላይ፦ «ለስምንት ውሻ ሸጥከን።» ይሄ ይሻላል።

ዛሬ በአጥሬ ሲያልፍ «ደህና ነሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ደህና» አልኩት በሹክሹክታ። እያንሾካሾኩ መቆጣት እንዴት ከባድ ነው!

ዓርብ፣ ሜይ 3

የመጀመሪያዋ ገባች። ከደረጃዬ ሥር! እንግዲህ ወር ሙሉ በጓሮ በር ነው የምወጣው።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

አርባ ሦስት ታቅፈዋል። አምና አርባ ስምንት ነበሩ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከአራት መቶ በላይ።

ግራጫው ጉርዴ፣ ሰማያዊው ሹራቤ፣ ባለ አበባው ሻሽ። ሰው የሚለዩት በልብሱ ነው። አንድ ዓመት አዲስ ሻሽ አስሬ ወጥቼ ሰባት ወፍ ከእንቁላላቸው አስነሥቻለሁ፤ አርንፊን ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ ጉርዱ ይጠገናል እንጂ አይለወጥም። በየቤቱ ፊት ጎንበስ ብዬ «እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ፣ አትነሺ» እላለሁ። ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ ዓይኗን ትከድናለች። ከዱር የመጣ ፍጥረት እንዲህ ሲያምነኝ... ደስ ይለኛል። ሌላ ምን ልበል?

የኤድቪን ጣጣ ባይኖር ደህና ጸደይ ነበር።

ዓርብ፣ ሜይ 17

የአገሩ በዓል። የብስ ላይ መለከትና ሰልፍ ነው። እኛ ዘንድ አንዲት ትንሽ ባንዲራ ጠረጴዛ ላይ፣ አለቀ። ኤድቪን ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ አጥሬ አጠገብ መጣ። ባርኔጣውን አነሣ። ትንሽ ቆመ። ሄደ።

ኬክ ቆርጬ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ተናድጃለሁ፤ ኬኩ ግን ምን አጠፋ?

ሰኞ፣ ሜይ 20

ወደቅሁ። ሰሜኑ ዳርቻ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ በዚያው በዳሌዬ። አልጮህኩም። እጅጌዬን ነከስኩ። ሁለት እርምጃ ርቃ አንዷ ታቅፋለች፤ ብጮህ ትነሣ ነበር። ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም። ኤድቪን አይቶኝ መጣ። አንሥቶ ተሸከመኝ። እንደ አሮጌ ፈረስ እየተነፈሰ እቤት አደረሰኝ።

በሩን ዘግቶ፣ «ለምን አልተጣራሽም?» አለኝ።

«አንተ ትጣራ ነበር?»

አሰበ። «አይ» አለ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21

ልጄ ሲግሩን ከከተማ ደወለች። «እማዬ፣ ዛሬውኑ በቶርሌፍ ጀልባ ነይ። ሐኪም ይይሽ።»

«ሐኪሙ በስልክ አናግሮኛል። አልተሰበረም፤ አርፈሽ ተቀመጪ ብሎኛል። ቀዶ ሕክምናው በቀኑ ይደርሳል።»

«ዕረፍቱንስ እዚህ አታርፊም?»

«ወፎቹን ማን ያያቸዋል?»

«እሺ በቃ» አለች። ሌላ ቦታ ያደገች ብትሆን «ለዳክዬ ብለሽ?» ትለኝ ነበር። ግን እዚህ ነው ያደገችው።

ከበሩ እስከ ወንበሩ እንጂ ከዚያ አልፌ መራመድ አልችልም። ኤድቪን ሳልለምነው ዙሩን ሄደ። በብርቱካናማው የዝናብ ካፖርቱ! አራት ወፎች ተነሡበት። ቁራው ደርሶ የሁለቱን እንቁላል ጠራርጎ በላ። ኤድቪን መጥቶ የበሩ መድረክ ላይ ቆመ፣ ቆቡን በእጁ እያሻሸ።

«አያውቁኝም» አለ። እዚሁ ተወልዶ፣ ሰባ አምስት ዓመት እዚሁ ኖሮ... አንጀቴን በላኝ። ላዝንለት አልፈልግም ነበር።

«የእኔን ልበስ» አልኩት።

«የአንቺን ምን?»

«ጉርዱን። ሹራቡን። ሻሹንም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የወደቅሽው በጭንቅላትሽ ነው እንዴ?»

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ለበሰ!

ጉርዱ አልደርስ ብሎት ወገቡን በመረብ ገመድ አሰረው። እኔን ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚሸፍነው እሱን ከጉልበቱ ቀረ። ከሥር ፀጉራም ባት። ጢሙን ወደ ሻሹ ውስጥ ጎሰጎሰ።

«ምን ነው የምትያቸው?»

«‹እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ፣ አትነሺ።›»

«በአንቺ ድምፅ?»

«በማን ድምፅ ታዲያ?»

ሦስት ጊዜ አለማመድኩት። የመጀመሪያው እንደ ቄስ፣ ሁለተኛው እንደ በግ። ሦስተኛው ደህና ነበር። ከመስኮቱ አየሁት፤ ትልቅ ሰውዬ በየቤቱ ፊት ጎንበስ ቀና ይላል። ትራሱን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳቅሁ፤ ዳሌዬን አመመኝ፤ አሁንም ሳቅሁ። አንድም ወፍ አልተነሣችም። ሁለቱ ብቻ ተጎዱብን፤ የቀሩት አርባ አንድ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

በወንበሬ ተቀምጬ ማየት ብቻ ሆኗል ሥራዬ። ከመስኮቱ ዘጠኙ ባዶ ቤቶች ይታያሉ። የጫማ ሰፊው፣ የሁለቱ መንትዮች፣ አንድ ክረምት ብቻ የኖረው አስተማሪ... የሁለቱ ጣሪያ ወድቋል። ንስሯ የትምህርት ቤቱ ጭስ መውጫ ላይ ትቀመጣለች። ኤድቪን እንዲጠነቀቃት በምርኩዜ ወደዚያ እጠቁመዋለሁ።

በየቀኑ መጥቶ ይነግረኛል። የትኛዋ ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ተመለሰች፣ የትኛዋ እሱን ስታይ ቀና አለች። «ያቺ አሮጌው ቅርጫት ውስጥ ያለችው ንቃኛለች» ይላል። «ዓይኗን እንኳ አትገልጥም።» መድረኩ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጉርዴን እንደለበሰ። ነግሮኝ ይሄዳል።

ተቀመጥ ልለው አፌ ላይ ይመጣል። አልልም።

ረቡዕ፣ ጁን 5

ሰውየው መጣ! ፍሬድሪክሰን። በራሱ ትልቅ ነጭ ሞተር ጀልባ። ኤድቪን ዙሩ ላይ ነበር፣ ጉርዱንም ሻሹንም እንዳደረገ። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ጉርዱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ወደ ማረፊያው ሮጠ። ሩጫውን ከመስኮቴ አየሁ፤ ንግግሩን ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

«ሞተሩን! ሞተሩን አጥፋ!» አለው በሹክሹክታ። ሰውየው ደንግጦ አጠፋ። ባርኔጣውንም አነሣ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ አቶ ኤድቪን አሉ?»

ኤድቪን ሻሹን ወደ ፊት ሳብ አደረገ። «የለም» አለ። በእኔ ድምፅ!

«የሚፈርሙት ወረቀት ይዤላቸው ነበር። እስከ ጁላይ አንድ ካልደረሰኝ እኔም ሌላ ደሴት እገዛለሁ። መቼ ይመለሳሉ?»

«ወፎቹ ሲሄዱ።»

«ወፎቹ መቼ ይሄዳሉ?»

«እነሱን ጠይቅ።»

ሰውየው ወረቀቱን በትልቅ ቢጫ ፖስታ ለ«እመቤቲቱ» ሰጥቶ ሄደ። ሞተሩን እንዳያስነሣ ኤድቪን ስለከለከለው ያን ትልቅ ጀልባ በአንዲት መቅዘፊያ እየገፋ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

ሐሙስ፣ ጁን 6

ትናንት ስቄ ነበር። ዛሬ ግን ሳስበው... ለምን የለሁም አለ? መፈረም ይችል ነበር። ብዕር ድምፅ የለውም፤ ወፍ አያስነሣም። ጉርዱን አፍሮ ነው? ወይስ?

ብጠይቀውስ? መልሱ ቢያናድደኝስ? መጮህ አይቻል። ጁላይ ይድረስ።

ዓርብ፣ ጁን 14

መውረድ ጀመሩ። ከደረጃዬ ሥር የነበረችው አምስት ጫጩት አስከትላ ወጣች። ጥቁር፣ የጡጫ ያህል እንኳ የማይሆኑ። እሷ ፊት፣ እነሱ በሰልፍ። ነጫጮቹ የባሕር አሞሮች ከላይ ያንዣብባሉ። ኤድቪን ከኋላቸው እየሄደ ጉርዴን ግራ ቀኝ ያራግባል። ሁሉንም ውሃ አስገባቸው። እዚያው ቆሞ ቀረ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ። ደስ ብሎታል። ከጀርባውም ይታወቃል።

ይህን የሚያደርግ ሰው እንዴት ይሸጣል?

እሑድ፣ ጁን 23

የዮሐንስ ልደት ዋዜማ፤ አገሩ ሁሉ በባሕር ዳር እሳት የሚያነድበት ምሽት። የብስ ዳር ዳሩን የደመራ ጭስ ይታያል። እኛ እሳት አናነድም። ሁሉም ወርደዋል፣ አንዷ ቀርታለች። ያቺ አሮጌው ቅርጫት ውስጥ ያለችው፣ ኤድቪንን የናቀችው። ዘግይታ ነው እንቁላል የጣለችው።

«ለአንዷም ሕጉ ያው ነው» አለ ኤድቪን።

«ያው ነው» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጁን 25

አየሁት። በመስኮቱ። ኤድቪን ለቶርሌፍ ትልቅ ፖስታ ሰጠው። ቢጫ፤ ያ ሰውዬ የሰጠው ራሱ። ቶርሌፍ ከደረት ኪሱ ከተተው።

አለቀ እንግዲህ።

ኤድቪን ሲመጣ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ። መድረኩ ላይ ቆይቶ ሄደ። ልቤ ተሰብሯል። ሲግሩን ጋ ደውዬ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከተማ ውስጥ ክፍል ፈልጊልኝ አልኳት። «እውነትሽን ነው?» አለች። እውነቴን ነው። ከመስኮቴ ስምንት ቤት ሲሠራ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።

እና ያቺ ወፍ አሁንም ታቅፋለች። መጮህ እንኳ አልተፈቀደልኝም።

ሰኞ፣ ጁላይ 1

ዝናብ። አልተነሣችም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

ወረደች። በአራት ጫጩት። ኤድቪን መጥቶ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በደህና ድምፁ፣ «ነገ» አለኝ።

«ነገ» አልኩ።

ዓርብ፣ ጁላይ 5

ጠብ ዋልን።

ወንበር ተሸክሞ መጣ። «ዳሌሽ አይችልም፣ ቁጭ ብለሽ ጩኺ» አለ። ክንዱን ይዤ እያነከስኩ ሰሜኑ ዳርቻ ደረስን። ሱሪ ለብሷል። ወንበሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አኖረልኝ። ይህን ደብተር ይዤ ነበር። ገለጥኩ።

«ለስምንት ውሻ ሸጥከን!» ድምፄ ሲጥ አለ፤ ከጮኸ ሰንብቷል።

«አልሸጥኩም!»

«ፖስታውን ለቶርሌፍ ሰጠኸው! በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ!»

«ሰጠሁት! ሳልፈርም ነው የመለስኩት!»

ደብተሩ ከእጄ ወደቀ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ መጣሁ፣ ጀርባሽን ሰጠሽኝ! ቀስቅሼሽ ብትጮሂስ? ወፍ ታቅፋ!»

«መጀመሪያውኑ ለምን ልትሸጥ ፈለግህ?»

ይሄኛውን አላዘጋጀም ነበር መሰለኝ። ከዚያ ፈነዳ። የእሱን ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ባሕሩ እንኳ የመለሰው መሰለኝ።

«ስድስት ዓመት ደጃፌ ላይ ድስት! እኔ ድመት ነኝ? አንድ ቀን ‹ኤድቪን ግባ፣ አብረን እንብላ› ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ክረምት ከክረምት ከሬዲዮ ጋር ነው የምበላው! እዚህ ብቻዬን ከመሆን እዚያ ብቻዬን ብሆን ይሻለኛል አልኩ! ይኸው ነው!»

«እኔ መበለት ነኝ!» አልኩት። «አንተ ያላገባህ ወንድ! የባሌ ወንድም! ቤቴ ባስገባህ ሰው ምን ይላል?»

ኤድቪን ዞር አለ። ወደ ምሥራቅ አየ። ወደ ምዕራብ አየ። ዘጠኝ ባዶ ቤት፣ ድንጋይ፣ ባሕር።

«የትኛው ሰው?» አለኝ።

ስድስት ዓመት ስፈራው የኖርኩትን ሰው ፈለግሁት፤ የለም። አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ። እሱም ጢሙን በእጅጌው ጠረገ።

«አትሂድብኝ» አልኩት። ለጁላይ ካጠራቀምኩት ውስጥ ይሄ አልተጻፈም ነበር።

«የት እሄዳለሁ» አለ። «የምትሄዱት አንቺና ወፎቹ ናችሁ።»

ወንበሩን ተሸክሞ መለሰኝ። በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። «ግባ» አልኩት። ገባ። ድንች ቀቅለን ዓሣ በላን። ድምፃችን አልቆ ነበር።

ሲግሩን ጋ ደወልኩ። ክፍሉ ይቅር አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ጀልባው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እጄ ይወዛወዛል። ነገ ቀዶ ሕክምናው ነው። ሐኪሙ ከስድስት ሳምንት በኋላ ትመለሻለሽ ብሏል።

ኤድቪን ሻንጣዬን ይዞ እስከ ማረፊያው ሸኘኝ። ወፎቹ ጎጇቸው ውስጥ የተዉትን ልስልስ ላባ ሁሉ ሰብስቦ ሦስት ጆንያ ሞልቷል። እሱን እያጠራ ይጠብቀኛል። ምን እንደሚበላ ጠየቅሁት፤ ድስቱ የት እንደሚቀመጥ አሳየሁት። ቁልፌን ሰጠሁት። ቁልፍ ምን ያደርጋል፣ ቆልፌ አላውቅም፤ ግን ሰጠሁት።

ቶርሌፍ ገመዱን ይዞ ሲጠብቅ ኤድቪን እጄን ያዘኝ። ጀልባው ላይ እንድወጣ ሊረዳኝ መስሎኝ ነበር። ወጣሁም፣ ተቀመጥኩም፣ እጄን አልለቀቀም። ቶርሌፍ አፍጦ አየን። አፉ አንድ ቀን አያድርም፤ እሑድ ሳይደርስ የብስ ሁሉ ይሰማዋል። እጄን ላስለቅቅ አልኩ በልቤ...

ተውኩት። ይስማ።